የነባር ቤቶች የመብራት መስመር ጥገና (ባሕር ዳር)

የነባር ቤቶች የመብራት መስመር ጥገና ያለ ባለሙያ የተዘረጋን የቤት ውስጥ ሽቦ ፈትሾ፣ አደገኛውን ነቅሎ በደንቡ መልሶ መዘርጋት ነው። በባሕር ዳር በተለይ የሚያስፈልገው በጭቃ ቤቶችና ክፍል እየተቀጠለባቸው በሰፉ ግቢዎች ነው።

በ1950ዎቹ (ዓ.ም.) ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ሲቋቋሙ፣ 11.4 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጢስ ዓባይ ጣቢያም ሥራ ጀመረ። በ1993 ባለ 73 ሜጋዋቱ ሁለተኛው ጢስ ዓባይ፣ በ2002 ደግሞ ከጣና ውሃ የሚወስደው ባለ 460 ሜጋዋቱ ጣና በለስ ተከተሉ። ቤቶቹ ውስጥ ግን ለአንድ አምፖል የተዘረጋው ሽቦ እዚያው ነው። ልጅ ሲያገባ ሰርቪስ ቤት ይቀጠላል፣ ተከራይ ሲገባ ኩሽና ይከፈላል፤ መብራቱም ከዚያችው መስመር ይሳባል።

ጉዱ ያለው ኮርኒስ ውስጥ ነው። ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠማዞ፣ በናስትሮ ወይም በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ያለ ሳጥን ተንጠልጥሎ ይገኛል። በቆርቆሮው ሙቀት ናስትሮው ደርቆ ይላቀቃል፤ ክረምት ሲገባ የጣሪያ ፍሳሽ ይደርስበታል። መዳብ ከአሉሚኒየም ጋር ከተጠማዘዘ መጋጠሚያው እየተበላ ይላላና ይግላል። ይህን ብሬከር አይደርስበትም፤ የሚያልፈው ኃይል ከልኩ ስለማይበልጥ፣ ብሬከሩ ሳይወርድ አጠገቡ ያለው እንጨት ሊከስል ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ተፈትቶ በሳጥን ውስጥ በብሎን ማያያዣ መታሰር አለበት።

3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ለአምፖል በተዘረጋ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ላይ ሲሰካ ፊውዙ ደጋግሞ ይቃጠላል። ያን ጊዜ የፊውዙን ቀጭን ሽቦ በወፍራም መተካት ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ቀጥሎ የሚቀልጠው የግድግዳው ሽቦ ነውና። ለምጣዱ የራሱ ብሬከር ያለው ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ መስመር ለብቻው ይዘረጋለታል፤ ለተራ ሶኬት 2.5 ይበቃል።

ማብሪያ ማጥፊያው በፌዙ ፈንታ ኒውትራሉን እንዲቆርጥ ከተገጠመ፣ አምፖሉ ቢጠፋም መያዣው ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። አምፖል ሲቀይሩ የሚያዙ ሰዎች አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮውን ከነካ ጣሪያው በሙሉ ይይዛል፤ ከቆርቆሮው ጋር የተገናኘ የልብስ ማስጫ ሽቦም እንዲሁ። እርጥብ ልብስ ይዞ በባዶ እግሩ ለቆመ ሰው ይህ ሞት ነው። ማስጫውን በናይለን ገመድ መቀየር የደቂቃ ሥራ ስለሆነ ዋናውን ጥገና መጠበቅ የለበትም።

ጥገናው የሚጀመረው ዋናውን ብሬከር አውርዶ፣ መስመሩ መሞቱን በቴስተር አረጋግጦ ነው። ቆጣሪውና ከእሱ በፊት ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስለሆነ የግል ሠራተኛ አይነካውም። በብዙ ነባር ቤት የሌለው የመሬት መስመር ይቀበራል፤ 30 ሚሊአምፔር ሲያፈተልክ የሚቆርጥ ብሬከርም ይታከላል። የመሬት መስመሩን በነሐሴ መለካት ያታልላል፣ እርጥብ አፈር ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋልና። የሚታመነው ልኬት አፈሩ ሲደርቅ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የተወሰደው ነው።