ፍላሽ፣ ክራክ፣ ኢሜይል፦ ቫይረስ ቤታችን የገባባቸው ሦስት በሮች

የመጀመሪያው የፒሲ ቫይረስ የተጻፈው ፓኪስታን፣ ላሆር ከተማ ነው። ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1986፣ ጸሐፊዎቹ ሁለት ወንድማማቾች፣ የቫይረሱ ስም «ብሬይን»። ወንድማማቾቹ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ሳይቀር ኮዱ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። የሠራነው ሶፍትዌራችንን ሳይከፍል የሚገለብጠውን ለመያዝ ነው ብለዋል። ቫይረሱ ግን ከፍሎፒ ወደ ፍሎፒ እየተጋባ አሜሪካ ድረስ ደረሰ። ያኔ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት አልነበራትም፤ የጀመረችው በ1989 ዓ.ም. ነው። ቢሆንም የኛን ሀገር የቫይረስ ታሪክ ለመረዳት ከላሆር የተሻለ መነሻ የለም። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ዲስክና ያልተገዛ ሶፍትዌር፣ ሁለቱም እኛ ጋ ሞልተዋል።

ደብረ ማርቆስን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋም ውድም በነበረበት ዘመን ፊልሙም፣ መዝሙሩም፣ ሞጁሉም፣ ሶፍትዌሩም አባይ በረሃን የሚሻገረው በአውቶቡስ፣ ሰው ኪስ ውስጥ ባለ ፍላሽ ነበር። ከተማ ከገባ በኋላ ፊልም ቤት ይገለበጣል፣ ዶርም ለዶርም ይዞራል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሰካል። በመመረቂያ ሰሞን አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካ አስቡት። ኔትወርካችን እሱ ነበር።

ለዚህ ኔትወርክ በሩን የከፈተው ራሱ ዊንዶውስ ነው። በኤክስፒ ዘመን ፍላሹ ላይ «አውቶራን» የሚባል ትንሽ ፋይል ካለ፣ ፍላሹን ደብል ክሊክ ስታደርጉ ፋይሉ ያዘዘው ፕሮግራም ይነሳል። ቫይረሱም እዚያ ላይ ስሙን ያስመዘግባል። ማይክሮሶፍት ይህን አሠራር ለፍላሽ የዘጋው እ.ኤ.አ. በ2009 በዊንዶውስ 7 ነው፤ ለኤክስፒና ለቪስታ ማሻሻያውን በስፋት ያሰራጨው ደግሞ በ2011። ይሄኔ ቫይረሱ ዘዴ ቀየረ። ፎልደሮቻችሁን ይደብቅና በነሱ ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትነኩት ቫይረሱም ይነሳል፣ ፎልደሩም ይከፈታል። ማን ይጠረጥራል?

የሚያንገበግበው ነገር ፋይሉ አለመጥፋቱ ነው። ተደብቆ እንጂ እዚያው አለ፤ «አትሪብ» በሚባል ትእዛዝ፣ በአንድ መስመር ይመለሳል። እኛ የምናውቀው መድኃኒት ግን «ፎርማት አርገው» ነበር። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የሠርግ ፎቶ፣ ቫይረሱ የደበቀውን እኛው በእጃችን አጠፋነው።

ሁለተኛው በር ክራክ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ማይክሮሶፍት አንድ አደገኛ የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ አወጣ። በቀጣዩ ወር «ኮንፊከር» በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች ኮምፒውተሮችን ያዘ፤ በኋላም በፍላሽ መጓዝ ተማረ። ማሻሻያውን የጫነ ቀዳዳው ተደፍኖለታል። ክራክ የሆነ ዊንዶውስ የሚጠቀም ሰው ግን አፕዴቱን ራሱ ያጠፋዋል፤ «ኮፒ ነው» ብሎ እንዳይነቃበት። ክራኩም ገና ሲጫን የመጀመሪያ ትእዛዙ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚል ነው። ሌባው እንዲገባ ውሻውን እሰር እንደማለት። በርግጥ የዊንዶውስን ዋጋ ከመምህር ደመወዝ ጋር ላስተያየ ሰው ነገሩ ስግብግብነት ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። ግን ነፃ ያልነው ነገር ዋጋውን በሌላ መንገድ ሲያስከፍለን ኖሯል።

እስከዚህ ድረስ ቫይረሱ ማንንም በስም አያውቅም ነበር፤ ያገኘውን ይይዛል። ሦስተኛው በር ግን በስማችሁ ይጠራችኋል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲትዝን ላብ በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት «ፊንስፓይ» የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የሚታዘዝበት ሰርቨር በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ማግኘቱን ገለጸ። ማጥመጃው የግንቦት 7 መሪዎች ፎቶ ነበር። በየካቲት 2006 ደግሞ ውጭ ሀገር ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች የጣሊያኑ «ሃኪንግ ቲም» በሠራው ሶፍትዌር መታደናቸውን ይፋ አደረገ። በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ አስተባበለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ግን ሃኪንግ ቲም ራሱ ተሰብሮ 400 ጊጋባይት ሰነዱ ሲበተን፣ የደንበኞቹ ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ተገኘ። ኅዳር 2010 ላይ ደግሞ የእስራኤሉ «ሳይበርቢት» ምርት ተጋለጠ፤ እሱ የሚጋብዘው «ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን አሻሽሉ» እያለ ነበር። እንደገና ፍላሽ!

ከነዚህ ሁሉ ለቤት ኮምፒውተር የቀረበው «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም ፍርድ ቤት የቀረበው ሰው ጉዳይ ነው። ነዋሪነቱ ሜሪላንድ፣ ዜግነቱ አሜሪካዊ። በኢሜይል የመጣች አንዲት የወርድ ፋይል ተከፈተች፤ ከዚያ በኋላ በክሱ እንደተገለጸው ለወራት የስካይፕ ንግግሩ ይቀዳ ነበር፣ ልጁ ለታሪክ ትምህርቱ ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ነገር ሳይቀር ተመዝግቧል። ኢትዮጵያን ከሰሰ። የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 አልቀበልም አለው፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥትን መክሰስ አይቻልም በሚል። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል የኛ ሰው። ለዚህኛው ቡዳ ዳኛም አልተገኘለትም።

የኛ ሀገር የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 958/2008፣ ጎጂ ፕሮግራም ማሰራጨትን በወንጀል ያስቀጣል። ጥሩ ነው። ሕግ ግን ፍላሻችሁ ላይ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ይመስላል፤ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኔት ሲጠፋ አፕዴትም ይጠፋል፤ ፋይል የሚሄድበት መንገድ ተመልሶ ኪስ ውስጥ ያለው ፍላሽ ይሆናል። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሟል። ለአዲሱ ዊንዶውስ የማይበቁ አሮጌ ላፕቶፖች ደግሞ እኛ ጋ ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ከታሪኩ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። ኔት ባለበት ቀን ከፊልም በፊት አፕዴት አውርዱ። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ዲፌንደር ለክራክ ብላችሁ አታጥፉ፤ ከወርድ ይልቅ ነፃውን ሊብሬ ኦፊስ መጠቀም ይቻላል። ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ የሚታተመውን ብቻ የያዘ ፍላሽ ውሰዱ። ስማችሁን ጠርቶ የመጣ ፋይል ካለ፣ ላኪው ነው የተባለውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁት። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ በማይሰካ ሌላ ነገር ላይ፣ ዛሬውኑ አስቀምጡ።