የእንዶድ አረፋና የጥንቸል ዓይን

በእኛ በሰሜን ወሎ እንዶድ ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰን ነጭ ጋቢ ነው። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል። ከወልዲያ እስከ መርሳ ያሉ እናቶቻችን ኦሞ ሳይመጣ በፊት ለጥምቀትም ለአረፋም ወንዝ ወርደው ልብስ ያነጡት በዚሁ ነው። ያ ፍሬ «ለሰው ደህና ነው ወይስ አይደለም?» ተብሎ የዓለምን ሊቃውንት ከሃያ ዓመት በላይ ያከራክራል ብሎ ማን አሰበ?

ነገሩ የተጀመረው አድዋ ላይ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ ወደዚያ ሄዱ። የበሽታው ትል በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ገብቶ ካላደገ ሰው ላይ አይደርስም። አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። አንዷን አጣቢ ከአረፋው ትንሽ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር ጠየቋት። ሞቱ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተካሄደው ሙከራ በትንንሽ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከብዙ የእንዶድ ዝርያዎች መካከል «ዓይነት 44» የተባለውን መርጠው አወጡ።

እዚህ ላይ የቶክሲኮሎጂ፣ የመርዝ ጥናት፣ ጥያቄ መጣ። ቀንድ አውጣ የገደለ ሰውንስ? ከብቱንስ? እውነት ለመናገር ጥያቄው ተገቢ ነበር። በአገራችን እንዶድ ለኮሶ ትልና ጽንስ ለማስወረድ ይጠጣል፤ መጠኑ ሲበዛ ሕይወት ይቀጥፋል። እኔን የሚቆጨኝ ጥያቄው ሳይሆን መልሱን ማን፣ የት፣ በማን ገንዘብ ይስጥ የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች የተቀበሉት የባየርን ኒክሎሳማይድ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለድሀ አገር ውድ ነው። የእንዶድ ምርመራ በውጭ ደረጃ፣ በውጭ ቤተ ሙከራ ይሠራ ተባለ።

የዚያ ዘመን ምርመራ ማለት በአብዛኛው እንስሳ ማለት ነው። ለአይጥ ይበላል፤ ከ1944 ጀምሮ በጆን ድሬዝ ስም በሚጠራው ዘዴ ደግሞ በጥንቸል ዓይን ይጨመራል። በ1984 ግን የአሜሪካ ተመራማሪዎች እንዶድን በባክቴሪያ ፈተኑት፤ የዘር ለውጥ አላመጣም። ሙሉው ምርመራ በካናዳ ድጋፍ ተሠርቶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲወጣ፣ በአፍ ሲወሰድ ለአጥቢዎች መርዝነቱ ዝቅተኛ ነው፣ ዓይን ግን ያስቆጣል አለ። ዓይን እንደሚያቃጥልማ የትኛዋም አጣቢ በነፃ ትነግራቸው ነበር! አክሊሉ በ1989 ከለገሠ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1997 አረፉ።

ራስልና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን በ1959 በእንስሳ ላይ የሚደረገውን ሙከራ «ተኩ፣ ቀንሱ፣ አሻሽሉ» ብለው ነበር። ዛሬ የዓይን ምርመራ ከቄራ በሚመጣ የከብት ዓይን ይሠራል። ብዙ ሰው ይህን የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ የፍትሕም ጉዳይ ነው እላለሁ፦ ፈተናው ሲረክስና ሲቀርብ ድሀ አገርም የራሱን ተክል ራሱ መፈተን ይችላል።

አሁን ሐብሩ ላይ በመስኖ ለሚለማው አትክልት የተባይ መድኃኒት ይረጫል። ጠርሙሱ በውጭ ቤተ ሙከራ ተፈትኖ መጥቷል እንበል፤ ያ ፈተና ግን ያለ ጓንት፣ ያለ ጭምብል፣ በነፋስ የሚረጨውን ገበሬ አያውቀውም። በወረዳው ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ወልዲያም ዩኒቨርሲቲ አላት። እጅህን ምን ያደርግሃል፣ ዓይንህንስ ብሎ ገበሬውን መጠየቅ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። ጥንቸልም አያስፈልገውም።