ወጨጫ ላይ ያደረ ዝናብ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የላፍቶ ልጆች ወጨጫ ላይ ያደሩበትን ሌሊት ላጫውታችሁ።

ወሩ ሐምሌ ነው። የኛን የንፋስ ስልክ ላፍቶን ሐምሌ ታውቁታላችሁ፤ የሀና ማርያም ጭቃ ጫማ የሚነጥቅበት፣ የፉሪ ተራራ ጠዋት ጉም ለብሶ የሚጠፋበት ወር ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የሰፈሩ የወጣት ቡድን ልጆች «ፍልሰታ ሳይገባ ጫካ ወጥተን እንደር» እያሉ ወላጆቻቸውን ሲነዘንዙ ሰነበቱ። እናቶች በጄ አላሉም። «በዚህ ዝናብ? ብርድ ልትጠጡ?» አሉ። ያሳመነቻቸው ቡድኑን የምትመራው ነርስ ናት። በየቤቱ ዞራ፣ ቡና ላይ ተቀምጣ፣ ማን አስም እንዳለበት፣ ማን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ በደብተር ጽፋ ነው ያስፈቀደችው። እኔንም «ትልቅ ሰው አይጥፋ» ብለው አብረው ጫኑኝ።

መኪናችን ከጀሞ ተነስታ በአለም ገና በኩል ሰበታ ደረሰች። ከሰበታ ወዲያ የሱባን ጥርጊያ መንገድ ስትይዝ ጭቃው ያዛት። ወርደን ገፋን፣ ዘፈንን፣ እንደገና ገፋን። የመናገሻ ሱባ ጫካ በር ላይ ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል።

መናገሻ ሱባ ዝም ብሎ የበቀለ ጫካ አይደለም። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋ፣ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ደን ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲሉ ደግሞ ኮሶው የወጨጫን ጎን ሸፍኖታል። የተራራው ጫፍ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ተራራ ሲወጡ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ መካኒሳ ላይ «ብርድ ነው» ያለ ሰው ጫፉ ላይ ስድስት ዲግሪ ያህል የባሰ ብርድ ይጠብቀዋል። ልጆቹ ይህን ሁሉ አልሰሙም። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲወረወር አይተው አፋቸውን ከፍተዋል።

ድንኳን ሊተክሉ የመረጡት ከወንዙ አጠገብ ያለ ለጥ ያለ ሣር ነበር። ያማረ ቦታ ነው። አሮጌ የወታደር ካፖርት የለበሱ የጫካው ጠባቂ ቆመው አዩዋቸውና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እዚህ አይሆንም፣ ልጆቼ። ይሄ የውሃው ቤት ነው። ማታ ይመለሳል።»

«አባባ፣ ሣሩ እኮ ደረቅ ነው» አለ አንዱ።

«አሁን ነዋ ደረቅ።»

አንከራተው ከፍ ወዳለ ቦታ ወሰዷቸው፤ ከየድንኳኑ ዳርም ትንሽ ትንሽ ቦይ አስቆፈሯቸው። ልጆቹ አጉረመረሙ። ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ዝናቡ ወረደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በባትሪ ቁልቁል ብናይ ያ ለጥ ያለው ሣር በውሃ ተውጧል፤ ውሃው ድፍርስ ነው፣ ይጮሃል። ማንም ከዚያ በኋላ አላጉረመረመም።

እሳቱ አልያዝ አለ። ክብሪቱ ሊያልቅ ደረሰ፣ እንጨቱ ያለቅሳል። አባባ ከወደቀ ጥድ ላይ ላይኛውን የረጠበ ልጥ ገፈው ጣሉ፤ ከሥሩ ደረቅና ቀይ የሆነውን ልጥ ላጡና ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። ጥቂት አቆዩት። ከዚያ በመዳፋቸው መካከል እያሹ እንደ ጥጥ አፍታቱት። የግንዱን መሐል በመጥረቢያ ፈልጠው ደረቁን ፍላጭ ደረደሩበት። አንድ ክብሪት በቃው። ሽሮ ተሠራ፣ ሻይ ተፈላ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከልጆቹ አንዱ በቲሸርቱ ላይ የደረበው ጋቢ ብቻ ነበር። ዝናቡ ሲወርድ ጋቢው ራሰ። ልጁ አፍሮ ዝም አለ። ጥርሱ ሲንገጫገጭ ሁላችንም አይተናል፤ «ወደ እሳቱ ተጠጋ» ብለን አለፍን። በኋላ መንቀጥቀጡን ተወ። ጓደኞቹ «ተሻለው» ብለው ደስ አላቸው። ነርሷ ግን ከተቀመጠችበት ዘላ ተነሳች። «የት ነው የምትማረው?» አለችው። መለሰ፤ ቃሉ ግን ተጎተተ፣ ምላሱ ከበደው። መንቀጥቀጡን የተወ ልጅ የሞቀው ልጅ አይደለም። ገላው የሚንቀጠቀጥበት አቅም ያለቀበት ልጅ ነው።

እርጥቡን ልብስ እስከ ካልሲው አወለቀችለት። በደረቅ ፎጣ አደረቀችው እንጂ እጅ እግሩን አላሸችውም። አባባ ሳይጠየቁ ካፖርታቸውን አወለቁ። ሁለት ጓደኞቹን ግራና ቀኝ አስተኝታ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አንድ ላይ ጠቀለለቻቸው። ሾፌሩ ከኪሱ ጠርሙስ አወጣና «እህቴ፣ ትንሽ አረቄ ይቅመስ፣ ያሞቀዋል» አላት። «አይሆንም ወንድሜ፤ አረቄ ያለችውን ሙቀት ወደ ቆዳው አውጥቶ ይበትንበታል» አለችና ስኳር የበዛበት ሻይ ጥቂት በጥቂት አስጎነጨችው። ብዙ ቆይቶ ልጁ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያኔ ነው እሷ የሳቀችው። «ሻይ ጨምሩልኝ» አለ ልጁ። እኔ ፊቴን ወደ ጨለማው አዞርኩ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ጋቢን የሚወድ ሰው እኔ ነኝ። ግን ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ ደግሞ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ የገላን ሙቀት ይወስዳል። ደገኛው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። የመንዝ ሰው የበግ ጠጉር ፈትሎ ባናውንና በርኖሱን የሠራው፣ እረኛውም ክረምት ሲገባ ገሳውን የሚደፋው ለዚህ ነው። ሱፍ ቢረጥብም ጥቂት ሙቀት ያስቀራል።

ሌሊቱ ረጅም ነበርና ልጆቹን ተረት አጫወትኳቸው፤ ተረት ስል እውነተኛ ታሪክ ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ብርድ የወለዳት ከተማ ናት አልኳቸው። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ሳሉ ንፋሱ፣ ዝናቡና የማገዶው እጦት አስመርሯቸው ነበር። እቴጌይቱ ወደ ፍል ውሃው ወርደው ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ተቆረቆረች። «እነሱም ድንኳን ነበራቸው?» አለች አንዷ። «ድንኳንማ ነበራቸው» አልኳት። ጅብ ከሩቅ ሲጮህ ተጠጋጉ። ከዚያ አንድ በአንድ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ጠዋት ዝናቡ አባራ፣ እኛም ወረድን። መኪናዋን ስንገፋ ከሁሉም ይበልጥ የጮኸው ብርድ ጠጥቶ የነበረው ልጅ ነው።

እናቶቹ መፍራታቸው ትክክል ነበር። መፍቀዳቸው ግን ከዚያ ይበልጥ ትክክል ነው። የጀሞና የለቡ ልጅ ክረምቱን ከኮንዶሚኒየም መስኮት እያየ ያድጋል፤ ውሃ የት እንደሚተኛ፣ እሳት ከምን እንደሚነሳ የሚያሳየው የለም። እነዚያ ልጆች በአንድ ሌሊት አዩት፤ ጓደኛቸው ሲደክምም በገላቸው አሞቁት።

ስለዚህ ወላጆች፣ በዚህ ክረምት ልጆቻችሁ «ጫካ እንደር» ካሏችሁ አትከልክሏቸው። የሚመራቸው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ሙያ ያለው ሰው አብሮ መሄዱን አረጋግጡ። ጋቢውን ለቤት አስቀሩት። የሱፍ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስና ሁለት ደረቅ ካልሲ በፌስታል ጠቅልላችሁ ስጧቸው።