ዊንጌት፦ ከነፋስ በር እስከ ታክሲ መውረጃ

ከጉንደ ወይን ተነስቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባ ወጣት ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ከደረሰ፣ የታክሲ ረዳት «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያለ ሲጣራ መስማቱ አይቀርም። ለረዳቱም ለተሳፋሪውም ዊንጌት ሰፈር ነው፤ መውረጃ ነው። የሰው ስም መሆኑን ብዙዎች ልብ አይሉትም። ሰውየው በኢትዮጵያ ታሪክ የገባው በወጣቱ አገር በጎጃም በኩል መሆኑ ደግሞ ጭራሽ ተረስቷል።

ስሙ መጀመሪያ የቦታ ነበር። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ነፋስ የሚነፍስበት የተራራ በር ማለት ነው፤ በሰሜን እንግሊዝ ዛሬም በዚሁ ስም የሚጠራ መንደር አለ። የጋይንት ሰው ከተማውን «ነፋስ መውጫ» እንዳለው ማለት ነው። የቦታው ስም የቤተሰብ ስም ሆነ፤ ከዚያም ኦርድ ዊንጌት የተባለ መኮንን ይዞት ጎጃም ገባ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ያኔ ዊንጌት ገና ጄኔራል አልነበረም። የሚያዝዘው ጦር ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ወታደሮች የተውጣጣ ሲሆን፣ ቁጥሩ 2,000 እንኳ አይሞላም። በ300 ሰው ምድያምን ድል ባደረገው ጌዴዎን ስም «የጌዴዎን ጦር» ብሎ ጠራው። ጦሩ ቡሬንና ደምበጫን አልፎ ደብረ ማርቆስ ደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ከተማዋ ገቡ።

ይህን ያህል ትንሽ ጦር እንዴት ጎጃምን አቋርጦ አለፈ? መልሱ አርበኞቹ ናቸው። በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለውና ሌሎችም ጣሊያንን ለዓመታት ከምሽጉ እንዳይርቅ አድርገው ይዘውታል። የጌዴዎን ጦር የደረሰው ገበሬው በደሙ በጠረገው መንገድ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማነጻጸር ያማል። ዊንጌት በርማ ሲዋጋ ጄኔራል ሆኖ በ1936 ዓ.ም. ሕንድ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በላይ ዘለቀ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። በ1938 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ከተማ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ለአንዱ ትምህርት ቤት፣ ለሌላው ገመድ።

ስሙ ግን በዚያ አልቆመም። ትምህርት ቤቱ መለስ ዜናዊን ጨምሮ ብዙ የአገር መሪዎችንና ምሁራንን አስተምሯል፤ ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ማሰልጠኛ ነው። እስራኤል ውስጥ ዊንጌት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የስፖርት ተቋሙን ነው። ሃይፋ አጠገብ ያለው «የሚን ኦርድ» የተባለው የወጣቶች መንደርም በእሱ የተሰየመ ነው። ከኢትዮጵያ የሄዱ በርካታ የቤተ እስራኤል ልጆች ያደጉት እዚያ ነው።

የቦታ ስም የሚነግረን ማን ዋጋ እንደከፈለ ሳይሆን፣ ስም በሚወጣበት ቀን ሥልጣኑ በማን እጅ እንደነበረ ነው። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ግንቦት 20 ይባል ነበር፤ ዛሬ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ይባላል። ነገ ሌላ ይሉት ይሆናል።

ስለዚህ ዊንጌትን መፋቅ መፍትሔ አይደለም። ሰውየው በኢትዮጵያ ነጻነት ውስጥ ድርሻ አለው። የጎደለው ከስሙ ጀርባ ያሉት ሰዎች ናቸው። የጉንደ ወይኑ ወጣት «ወራጅ አለ!» ብሎ ዊንጌት ላይ ሲወርድ፣ ያ ስም አዲስ አበባ የደረሰው በአያቶቹ ትከሻ እንደሆነ ቢያውቅ እንግድነቱ ይቀልለት ነበር።