የጅብ ጥላና የጉርጥ በርጩማ

ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ዘውድ፣ ጦርነትና ውል ነው። ይህች ጽሑፍ ግን የምታወራው ስለ እንጉዳይ ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ እኔም ነገሩ ሲጀመር ስቄአለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝም ያው ሳቄ ነው።

ያለፈው ሰኔ፣ የፈተና ሰሞን ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጧት ወደ ቤተ መጻሕፍት ስንሄድ አንድ የዶርም ጓደኛዬ (ከቴፒ በኩል የመጣ ልጅ ነው) ከመንገዱ ወጣ አለና ከዛፍ ሥር ቁጢጥ አለ። እዚያ የበቀለውን እንጉዳይ ዙሪያውን በጣቱ ቆፍሮ ከነሥሩ አወጣው። ገለበጠው፤ አሸተተው፤ የእግሩን ጫፍ አየና «ይኸኛው የኛ አይደለም» ብሎ አስቀመጠው። እኔም አላስችል ብሎኝ «እናንተ አገር የጅብ ጥላ ይበላል እንዴ?» አልኩት። አብረውን የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እሱም ፈገግ አለ፤ ግን ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም።

ለምን እንደዚያ አልኩ? ያደግሁት ሰሜን ሸዋ ነው። ልጆች ሳለን ክረምት ሲገባ ነጭ ቆቡን ደፍቶ ከሜዳው ብቅ የሚለውን ሁሉ በእግራችን እየጠለዝን እንበትነው ነበር። አንዱ በእጁ የነካ እንደ ሆነ አያቴ «የጅብ ጥላ እኮ ነው! ሂድ ታጠብ!» ትል ነበር። የትኛው እንደሚገድል፣ የትኛው እንደማይገድል ለይቶ የሚያውቅ ሰው በሰፈራችን አላየሁም። ስሙ ብቻውን በቂ ነበር። ጅብ የሚጠለልበትን ነገር ማን ይበላል?

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ስላልለቀቀኝ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያስገረመኝ እንግሊዞች እንደኛው መሆናቸው ነው። ከሜዳ እንጉዳይ በቀር የቀረውን ሁሉ በጅምላ የሚጠሩበት ስም ቃል በቃል ቢመለስ «የጉርጥ በርጩማ» ማለት ነው። እኛ ለጅብ ጥላ ሰጠነው፤ እነሱ ለጉርጥ መቀመጫ። የነሱም ልጆች ይጠልዙት ነበር። ታዲያ የዚህ አገር ሰዎች ናቸው በኋላ ቅርጫት አንጠልጥለው፣ ማኅበር መሥርተው፣ ጫካ ለጫካ እንጉዳይ ፍለጋ የዘመቱት። ይህ እንዴት ሆነ? (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1847 ቻርልስ ባድሃም የሚባል፣ ሐኪምም ቄስም የነበረ እንግሊዛዊ ስለሚበሉ የአገሩ እንጉዳዮች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ዓመቱን ልብ በሉ። አየርላንድ ውስጥ ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በስብሶ ሕዝቡ የሚረግፍበት ጊዜ ነው፤ በዚያ ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል። ባድሃም ጣልያን አገር ኖሮ ስለ ነበር፣ ሕዝቡ ከጫካ የለቀመውን እንጉዳይ በገበያ ሲሸጥ በዓይኑ አይቷል። በሮማ ከተማ ገበያ የሚገባውን እንጉዳይ የሚመረምር ሹም እንደ ነበረም ጽፏል። ደስ የሚለው ነገር፣ እንግሊዝ «የሚታመነው ይኸ ብቻ ነው» ብሎ የሚበላውን የሜዳ እንጉዳይ የሮማው ሹም ቲበር ወንዝ ያስጥለው ነበር። አንዱ የሚበላውን ሌላው ይደፋል፤ ሌላው የሚበላውን አንዱ ይጠልዛል። ባድሃምን ያንገበገበው ድሃው እየተራበ ምግብ በየዛፉ ሥር መበስበሱ ነው። በዚያው ሰሞን፣ በ1846፣ ማይልስ በርክሌይ የተባለ ሌላ ቄስ ድንቹን ያበሰበሰው ራሱ ሻጋታው ነው፤ ሻጋታው የመበስበሱ ውጤት አይደለም ብሎ ይከራከር ነበር። ብዙዎቹ ሊቃውንት ባይቀበሉትም እውነቱ የርሱ ሆኖ ተገኘ። (ያ ተሕዋስ ዛሬ ከፈንገስ ወገን አይቆጠርም፤ በዚያ ዘመን ግን ይቆጠር ነበር።)

መጽሐፍ ግን ፍርሃትን አያስለቅቅም። የባድሃምን መጽሐፍ አንብቦ ጫካ ወርዶ የለቀመውን ለሚስቱና ለልጆቹ የሚያበላ ደፋር ስንቱ ነው? እኔ ብሆን አላደርገውም። ሥዕልና በእጅ ያለ እንጉዳይ ይለያያሉ። አንዱ ዓይነት ሲወለድ እንቁላል ይመስላል፤ ሲያድግ ጃንጥላ ይሆናል፤ ዝናብ ሲመታው ቀለሙ ይለቃል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ይህን የሚያስተምር የሚያውቅ ሰው እጅ ነው።

ሄርፎርድ በምትባል፣ በዌልስ ድንበር አጠገብ ባለች ከተማ በ1851 የተቋቋመ ዉልሆፕ የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ክበብ ነበር። ስሙን ያገኘው በአቅራቢያው ካለው የዉልሆፕ ጉልላት ከሚባል መሬት ነው፤ አባሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ዓለትና ቅሪተ አካል ሲፈልጉ የሚውሉ ጨዋዎች ነበሩ። ከነሱ አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ግሬቭስ ቡል ነው። ይህ ሰው በ1868 መጸው ላይ አባሎቹን ለአዲስ ዓይነት ጉዞ ጠራቸው። የጉዞውን ስም «ፎሬይ» አለው። ፎሬይ ማለት ጠላት አገር ድንገት ገብቶ፣ ዘርፎ መመለስ ነው፤ በኛ ቋንቋ ዘመቻ እንበለው። በአንድ የቀልድ ቃል ፍርሃቱን ወደ ጨዋታ ለወጠው ማለት ነው። በርጩማው ላይ የተቀመጠውን ጉርጥ ሊወርሩ ወጡ! ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የእንጉዳይ ክበቦች በያሉበት የለቀማ ጉዟቸውን የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

ዘመቻው በየዓመቱ በመጸው ወቅት የሚደረግ ሆነ። ከሎንዶንና ከሌሎችም ከተሞች የፈንገስ አዋቂዎች ይመጡ ነበር። ቀን ጫካውን አካለው፣ ማታ ያመጡትን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እያንዳንዱን ስም ያወጡለታል፤ ይከራከሩበታል። ከዚያ በኋላ በከተማዋ «አረንጓዴው ዘንዶ» በሚባለው ሆቴል እራት ነው፤ ከእራቱም ውስጥ የዘመቻው ምርኮ ይገኝበታል። ዎርዚንግተን ስሚዝ የሚባል ሠዓሊ፣ ሽማግሌዎቹ መነጽራቸውን ደቅነው ትልልቅ እንጉዳይ ሲማርኩ የሚያሳይ አስቂኝ ሥዕል እየሣለ ለጋዜጣ ሰጥቷል። አገሩ ሳቀ። ሲስቅ ግን እያየ ነበር።

በኔ አስተያየት ዋናው ነገር ያ ጠረጴዛ ነው። ለብቻህ የለቀምከውን ለብቻህ ብትበላ ስሕተትህን የሚነግርህ የለም፤ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ግን ከአሥሩ አንዱ «ቆይ፣ ይህ አይደለም!» ይላል። ስሚዝ ራሱ አንድ ጊዜ ያላወቀውን እንጉዳይ በልቶ ክፉኛ ታሞ ነበር፤ ሲያገግም የሆነበትን ሁሉ ጽፎ ለሌሎች ማስጠንቀቂያ አደረገው። ስሕተቱን አለመደበቁን አደንቅለታለሁ።

ከዚህ ላይ ለአያቴ አንድ ነገር ልመስክርላት። ፍርሃቷ ከንቱ አልነበረም። በአውሮፓ «የሞት ቆብ» የሚሉት እንጉዳይ አለ፤ የአንዱ ግማሽ አንድ ጎልማሳ ሊገድል ይችላል። ክፋቱ አይቸኩልም። የበላው ሰው ስድስት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ምንም ሳይሰማው ይቆያል። ከዚያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ቀጥሎ የተሻለው ይመስላል፤ ዘመድ ተመስገን ሲል ጉበቱ እየሞተ ነው። መቀቀል መርዙን አያጠፋውም። የብር ማንኪያ ያጠቁራል የሚባለውም፣ ከብት የበላው ለሰው ይሆናል የሚባለውም ውሸት ነው። ሁሉን የሚለይ አንድ ሕግ የለም፤ አንድ በአንድ ማወቅ ብቻ ነው። ክበቦቹ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፦ ቆቡን ገልብጦ ከሥሩ ያሉትን ስስ ቅጠሎች ማየት፣ ማሽተት፣ ቆቡን ሌሊት ወረቀት ላይ አሳድሮ የሚረግፈውን ብናኝ ቀለም መመርመር። ከሁሉ በላይ ደግሞ እግሩን በቢላዋ ቆርጦ ማንሣት ነውር ነው። ቆፍሮ ከነሥሩ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የሞት ቆብ የሚታወቅበት ከረጢት መሰል ነገር ከአፈር ውስጥ የተደበቀ ነውና።

ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘጋሁት። ጓደኛዬ ዙሪያውን በጣቱ ቆፍሮ ከነሥሩ ያወጣው፣ የእግሩን ጫፍ ያየው ለዚህ ኖሯል። የዉልሆፕ ጨዋዎች በዘመቻና በእራት የተማሩትን እሱ ከእናቱ ተምሮታል። እኛ ሳቅን።

የዉልሆፕንም ጠረጴዛ ቢሆን ዙሪያውን ማየት ያስፈልጋል፤ ማን አልተቀመጠም? ክበቡ ለረጅም ዘመን የወንዶች ነበር። ዶክተር ቡል በኋላ ስለ አገሩ የፖም ዓይነቶች ላዘጋጀው ትልቅ መጽሐፍ ሥዕሎቹን ከሣሉት ሁለት ሴቶች አንዷ የገዛ ልጁ ኢዲት ናት። እጇ ተፈልጓል፤ ወንበር ግን አልነበራትም። ቢያትሪክስ ፖተር ደግሞ አለች፤ በ1902 ስለ ጥንቸሏ ፒተር በጻፈችው የልጆች መጽሐፍ ስሟ የወጣው። ከዚያ በፊት ለዓመታት እንጉዳይ ስትሥልና ስትመራመር ኖራ፣ ስለ ብናኙ አበቃቀል የጻፈችው ጥናት በ1897 በሎንዶኑ ሊንያን ማኅበር ፊት ቀረበ። ያቀረበው ግን ጆርጅ ማሲ ነው፤ ሴት ስለ ሆነች እሷ ስብሰባው ላይ መገኘት አይፈቀድላትም ነበር።

ለፖተር ብርቅ ብርቁን እንጉዳይ በፖስታ ይልክላት የነበረው ማነው ብትሉ ቻርልስ ማኪንቶሽ የሚባል የስኮትላንድ ገጠር ደብዳቤ አመላላሽ ነው። በወጣትነቱ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ጣቶቹን ያጣ፣ በኋላ ደብዳቤ ተሸክሞ በየቀኑ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሩ ሲመላለስ ዓይኑ መሬት ላይ የነበረ ሰው ነው። ስለ አካባቢው እንጉዳይ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ማግኘት ያስቸግር ነበር። በትልቁ ማኅበር መዝገብ ብትፈልጉት ግን ከጫፍ ነው የምታገኙት። እውቀቱ ያለው እግረኛው ዘንድ፣ ወንበሩ ያለው ጨዋው ዘንድ።

ይህ ነገር በመጠኑም ቢሆን ተሻሽሏል። በ1896 ዮርክሽር ውስጥ ሴልቢ ላይ የብሪታንያ የፈንገስ ጥናት ማኅበር ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ያው ማሲ ነው። በ1907 ደግሞ አኒ ሎሬይን ስሚዝ የምትባል ሴት ሊቀ መንበር ሆነች። ፈረንሳዮች ቀደም ብለው በ1884 የራሳቸውን መሥርተዋል። እዚያ አገር የለቀምከውን ይዘህ መድኃኒት ቤት ብትገባ ባለሙያው አይቶ ይነግርሃል የሚባል ልማድ አለ፤ ፋርማሲ ለሚማሩ ጓደኞቻችን እንደ ተጨማሪ ሥራ ይታሰብላቸው።

አሜሪካ ውስጥም የቦስተኑ ክበብ ከ1895 ጀምሮ አለ። ከአሜሪካው ታሪክ እኔን የገረመኝ ግን የአንድ ባልና ሚስት ነገር ነው። ኋላ የባንክ ሹም የሆነው ጎርደን ዋሰን ከሩሲያዊቷ ሐኪም ከቫለንቲና ፓቭሎቭና ጋር በ1927 ካትስኪል ተራሮች ላይ ሲንሸራሸሩ፣ እሷ እንጉዳይ አይታ በደስታ ሮጠች፤ ለቀመች፤ ማታ ሠርታ በላች። እሱ አልነካም። ነገ ጧት ሚስቴ ሞታ እነቃለሁ ብሎ ሰጋ። ስትነቃ ደኅና ናት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሠላሳ ዓመት ያህል አንድ ጥያቄ ሲከታተሉ ኖሩ፦ ለምንድነው አንዱ ሕዝብ እንጉዳይ ወዳድ፣ ሌላው እንጉዳይ ፈሪ የሚሆነው? በ1957 ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አወጡ፤ የታተመው 512 ቅጂ ብቻ ነው። እንግዲህ እሱም መጀመሪያ የፈራው የሚስቱን አገር እውቀት ነው። ልዩነቱ፣ ቆይቶ መጠየቁ ነው።

የኒው ዮርኩን ክበብ በ1962 ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ደግሞ ሙዚቀኛው ጆን ኬጅ ነው። ስለ እንጉዳይ ጣልያን ቴሌቪዥን ላይ በ1959 ተወዳድሮ አምስት ሚሊዮን ሊሬ ያሸነፈ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ለእንግዶቹ ከዱር ለቅሞ ያበሰለው መርዝ ሆኖ ለጥቂት ተርፏል። መርዙ ግን እንጉዳይ አልነበረም፤ ከሌላ ቅጠል ጋር ያሳሳተው ተራ ቅጠል ነው።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ የማጃንግ ሕዝብ በእንጉዳይ አጠቃቀሙ ላይ በ2001 ጥናት ታትሞለታል፤ ያጠናችው ጃፓናዊት ናት። ከሩቅ መጥታ እናቶቹን ጠየቀች። እኛ በአንድ ዶርም አራት ወር አብረን ተኝተን አልጠየቅንም። (ማንም ይህን አንብቦ ነገ ጧት ከዛፍ ሥር ለቅሞ እንዳይቀቅል አደራ፤ እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ።)

ፈተናው ሲያልቅ ከጓደኛዬ ጋር ሻይ ጠጣን። ይቅርታ ብዬ ጠየቅሁት፤ ከዚያ ስለ እናቱ ጠየቅሁት። ዝናብ ሲጥል ከምስጥ ኩይሳ ላይ የሚወጣውን ሊለቅሙ ሲሄዱ ትንንሾቹ ልጆች ከኋላ እንደሚከተሉ ነገረኝ። ምስጦቹ ፈንገሱን ከኩይሳው ውስጥ እንደ ሰብል እንደሚያሳድጉት ካነበብኩት ነገርኩት፤ እሱም የሥነ ሕይወት መምህሩ እንደ ነገረው፣ እናቱ ግን ይህን ሳታነብ ኩይሳውን ማንም እንዳያፈርስ ትቆጣ እንደ ነበር አጫወተኝ። ልጅ የለቀመው ሁሉ ድስት ከመግባቱ በፊት በሷ እጅ አንድ በአንድ ይገለበጣል። አንድም ቀን አንዱን አውጥታ ጥላ «ለምን እንደ ጣልኩት ንገረኝ» አለችው፤ እስኪነግራት ድረስ እራት አልሰጠችውም።

ስሙን በናቱ ቋንቋ ነገረኝ። ደጋግሜ ለማለት ሞከርኩ፤ ምላሴ እምቢ አለ፤ ሳቀብኝ። «በአማርኛስ ምን ይባላል?» አልኩት።

ሻዩን ፉት አለና «እናንተ ስም አውጥታችሁለት የለም እንዴ?» አለኝ።