«ተረፈ ምርት» ሳይሆን «ብልል»

ስለ ፓርኪንሰን ሕመም በአማርኛ የሚነገረው እየበዛ መምጣቱ ደስ ያሰኛል። የሆድ ድርቀት እጅ መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ሊከሰት እንደሚችል፣ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም በዚህ የአንጎል ሕመም እጃቸው ሳይኖርበት እንዳልቀረ አንባቢ ከሞላ ጎደል ሰምቷል። የሚያንገበግበኝ በዚሁ መሐል «ሜታቦላይት» የተባለውን «የባክቴሪያ ተረፈ ምርት» ማለት እየተለመደ መሄዱ ነው። አንዳንዱማ ጨርሶ «የባክቴሪያ ቆሻሻ» ይለዋል።

ተረፈ ምርት ምን እንደሆነ ገበሬውም ከብት አርቢውም ያውቃል። ስንዴ ሲፈጭ ፉርሽካው፣ ኑግ ሲጨመቅ ፋጉሎው፣ ሸንኮራ ስኳር ሲሆን ሞላሰሱ ነው። ዋናው ተወስዶ የቀረው ማለት ነው። ሜታቦላይት ግን ሕያው ሴል ያገኘውን ሲሰባብርና መልሶ ሲገጣጥም በመሐል የሚፈጠሩትንም በመጨረሻ የሚወጡትንም ጥቃቅን ኬሚካሎች ሁሉ ያጠቃልላል። ከመካከላቸው የሚጣል አለ፤ ሌላውን የሚመግብ፣ መልእክት የሚያደርስ፣ መድኃኒት ሲከሽፍ የሚወጣም አለ።

የመጨረሻውን በፓርኪንሰን መድኃኒት እንየው። ሕመምተኛው የሚጎድለው ዶፓሚን ነው። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል መሻገር ስለማይችል የሚሰጠው ሌቮዶፓ ነው፤ እሱ ይሻገርና እዚያው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን ይሆናል። በ2019 በሃርቫርድ የኤሚሊ ባልስከስ የምርምር ቡድንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ኢንተሮኮከስ ፋካሊስ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሌቮዶፓውን መንገድ ላይ ጠብቆ እዚያው አንጀት ውስጥ ዶፓሚን ያደርገዋል። አብሮ የሚዋጠው ካርቢዶፓ የተባለ መድኃኒት ይህንኑ ለውጥ የሚያካሂደውን የሰውን ኤንዛይም ቢያግድም የባክቴሪያውን ኤንዛይም ግን አልገታውም። ሌላ ባክቴሪያ፣ ኤገርቴላ ሌንታ፣ ደግሞ ያንን ዶፓሚን ተቀብሎ ሜታ ታይራሚን ወደተባለ ኬሚካል ይቀይረዋል።

እንግዲህ እዚህ ላይ የባክቴሪያው ሜታቦላይት ዶፓሚን ነው። ሰው አጥቶት የሚንቀጠቀጥበትን፣ በየዕለቱ ክኒን የሚውጥለትን ነገር «ተረፈ ምርት» ልንለው ነው? ጥፋቱ ቦታውን መሳቱ እንጂ ትርፍ መሆኑ አይደለም። ትርጉሙ ሕመምተኛው መረዳት የነበረበትን ዋና ነገር ይሸፍንበታል።

ታዲያ ምን እንበለው? ቃሉ ከግሪኩ «ሜታቦሌ» የመጣ ነው፤ «ለውጥ» ማለት ነው። ስለዚህ ብዙዎች ቶሎ ወደ «ልውጥ» ይሄዳሉ። ሥሩን ተከትለዋልና አልወቅሳቸውም። ነገር ግን «ልውጥ» በዚህ ዘርፍ ባለቤት አለው። «ልውጠ ሕያው» ዘረመሉ በሰው እጅ የተቀየረ ፍጡር መጠሪያ ሆኖ ሕግ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። «የአንጀት ልውጦች» ቢባል አንባቢው በቤተ ሙከራ የተቀየረ ባክቴሪያ የዋጠ ይመስለዋል።

«ውላጅ» የሚሉም አሉ። ከአንድ ነገር የተገኘ ለማለት ስለሚያገለግል ሐሳቡ አይከፋም። እኔን የሚከብደኝ ታሪኩ ነው፤ ውላጅ፣ ፍናጅ፣ ቅናጅ እየተባለ የባሪያ ትውልድ የተቆጠረበት ቃል ነው። ይህን የሚያስታውስ ሰው ዛሬም አለ፤ ለሕክምና ቃል ይህን ሸክም ማሸከም አስፈላጊ አይደለም።

እኔ የምመርጠው «ብልል»ን ነው። አማርኛ «ተብላላ» የሚል ድንቅ ግሥ አለው። ጥንስስ ይብላላል፣ ምግብ በሆድ ይብላላል፣ ሐሳብም በልብ ይብላላል። በሦስቱም የገባው ነገር ውስጥ ውስጡን ተሠርቶ ሌላ ሆኖ ይወጣል፤ መጥፎም ይሁን መልካም ግሡ አይፈርድም። «አዋሐደ» ብለን «ውሕድ»፣ «ደባለቀ» ብለን «ድብልቅ» ካልን፣ ከ«አብላላ» «ብልል» ማለት የቋንቋው የራሱ መንገድ ነው። ደግሞም ስሙ እውነት ነው፤ በደንዳኔ ያሉት ባክቴሪያዎች እኛ መፍጨት ያቃተንን አሠር የሚያብላሉት በቀጥታው ትርጉም ነው። ከዚያም አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የተባሉ አጭር ሰንሰለት ያላቸው የስብ አሲዶች ይወጣሉ።

አለመፍረዱን የምወድለት ስለ ፓርኪንሰን የምናውቀው ራሱ ገና ፍርድ ስለማይፈቅድ ነው። ቡቲሬት የደንዳኔ ግድግዳ ሴሎች ዋና ምግብ ነው፤ በተለያዩ ጥናቶችም በፓርኪንሰን ሕመምተኞች ሰገራ ውስጥ አንሶ ተገኝቷል። ይህን የሰማ ሰው «ጠቃሚ ንጥረ ነገር» ብሎ ሊሰይመው ይቸኩላል። ሆኖም በ2016 የካልቴክ ዩኒቨርሲቲው ሳርኪስ ማዝማኒያንና ባልደረቦቹ ከፓርኪንሰን ጋር የተያያዘው አልፋ ሳይኑክሊን የተባለው ፕሮቲን እንዲበዛባቸው የተደረጉ አይጦችን ከባክቴሪያ ነጻ አድርገው ሲያሳድጉ የእንቅስቃሴ ችግራቸው ቀለለ፤ ቡቲሬትን ጨምሮ እነዚያኑ የስብ አሲዶች ሲሰጧቸው ግን ችግሩ ተባባሰ። «ቆሻሻ» የሚለውም «ጠቃሚ» የሚለውም ስም ሳይንሱን ቀድሞ ፈርዷል።

«ሜታቦላይት»ን እንዳለ እንውሰደው ለሚሉ፣ መዋስን አልጠላም። ቫይታሚንና ሆርሞን ቤተኛ ሆነዋል። ነገር ግን ቫይታሚን የሚለውን ቃል ሕዝቡ በክኒኑ አወቀው፤ ሜታቦላይትን የሚያስጨብጥ ዕቃ የለም፤ በስሙ ብቻ መረዳት አለበት። ለዚህም በአንድ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ «ብልል ወይም ሜታቦላይት» ብሎ አንዴ ማስተዋወቅ፣ ከዚያ «የአንጀት ባክቴሪያ ብልሎች» እያሉ መቀጠል ይበቃል። ሐኪምም ለታማሚው፦ «መድኃኒትዎ አንጎልዎ ሳይደርስ አንጀትዎ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከፊሉን ሊያብላሉት ይችላሉ» ቢል፣ ታማሚው ማብራሪያ ሳይጠይቅ ይረዳዋል።