የአዲስ መኪና የመጀመሪያ ዘይት ቅየራና የዋስትናው ነገር

አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ አዲስ መኪና ገዝቶ አሥራ አራት ወር ነዳ፡፡ ቤቱና መሥሪያ ቤቱ ቅርብ ለቅርብ በመሆናቸው ቆጣሪው ገና 4,000 ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም ነበር፡፡ የዋስትና ደብተሩ 10,000 ኪሎ ሜትር ስለሚል «ለዘይት ገና ነኝ» ብሎ ተቀመጠ፡፡ ሞተሩ መንኳኳት ሲጀምር መኪናውን ወደ ሻጩ ወሰደ፤ የተሰጠው መልስ «ዋስትናው አይሸፍንዎትም» የሚል ነበር፡፡ ደብተሩን ይዞልኝ መጣና አነበብኩት፡፡ «በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየ12 ወሩ፣ ከሁለቱ በቀደመው» ይላል፡፡ ወዳጄ ቁጥሩን አይቶ «ወይም» የሚለውን ዘሎታል፡፡

ሕግ ተምረን እንኳ የራሳችንን ውል አናነብም፡፡ ስለዚህ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ማወቅ ያለበትን ባጭሩ ላቅርብ፡፡

የመጀመሪያው ዘይት መቼ ይቀየራል?

ድሮ አዲስ መኪና 1,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይቱ ይደፋ ነበር፡፡ ምክንያት ነበረው፤ አዲስ የሞተር ክፍሎች እርስ በርስ እስኪላመዱ ድረስ ደቃቅ የብረት ብናኝ ወደ ዘይቱ ይገባል፡፡ ዛሬ የፋብሪካ አሠራር ስለተሻሻለ ብዙ መመሪያዎች የመጀመሪያውን ቅየራ ያራዝሙታል፡፡ እንዲያውም እንደ ሆንዳ ያሉ ፋብሪካዎች የመጀመሪያው ዘይት ከተያዘለት ጊዜ በፊት እንዳይደፋ ይመክራሉ፡፡ በ1,000 ኪሎ ሜትር የሚደረገው የመጀመሪያ ሰርቪስም በብዙ ቦታ ፍተሻ እንጂ የግድ ዘይት ቅየራ አይደለም፡፡ ፍተሻ ነው ተብሎ ግን መቅረት የለበትም፤ በደብተሩ ላይ ማኅተም የሚያርፍበት የመጀመሪያው ገጽ እሱ ነውና፡፡

ልኩ እንደ ሞዴሉና እንደተሸጠበት አገር ይለያያል፡፡ በብዙ መመሪያዎች ላይ ለመደበኛ አጠቃቀም 10,000 ኪሎ ሜትር ወይም 12 ወር፣ ለከባድ አጠቃቀም ደግሞ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር ይባላል፡፡ «ከባድ አጠቃቀም» ሲባል የጭነት መኪና የሚመስለን ብዙ ነን፡፡ መመሪያዎቹ የሚዘረዝሩት ግን አቧራማ መንገድን፣ አጭር ጉዞን፣ ቆሞ ሞተር ማስነሳትንና ተጎታች መሳብን ነው፡፡ ከተጎታቹ በስተቀር ይህ የአዲስ አበባ ሹፌር የዕለት ኑሮ ነው፡፡ በአጭር ጉዞ ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ እርጥበትና ያልተቃጠለ ነዳጅ ከዘይቱ ጋር ይቀራሉ፡፡ የወዳጄ 4,000 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢመስልም ዘይቱን ከረጅም ጉዞ ይልቅ የሚያበላሽ ነበር፡፡

የትኛው ዘይት?

በመመሪያው ላይ የተጻፈው ብቻ፡፡ ለምሳሌ «5ደብሊው-30» ሲባል የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ፍሰት፣ የኋለኛው ደግሞ ሞተሩ ሲሞቅ ያለውን ውፍረት ያመለክታል፡፡ «ወፍራም ዘይት ለሞተር ጥሩ ነው» የሚለው የጋራዥ ምክር ለአሮጌ ሞተር ይሠራ ይሆናል፤ በዋስትና ላይ ላለ አዲስ መኪና ግን ለሻጩ ሰበብ መስጠት ነው፡፡ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር፡፡ ከተቀየረ በኋላ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ፡፡ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት፤ ከልክ ማለፉም እንደ ማነሱ ይጎዳል፡፡

ሕጉና ውሉ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ መሆኑን ይደነግጋል፡፡ ገዢውም ግዴታ አለበት፡፡ በአንቀጽ 2291 እና 2292 መሠረት ዕቃውን እንደተቻለው በቶሎ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ምንነቱን ገልጾ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይጠበቅበታል፡፡ ስለዚህ የሰሙትን ድምፅ በቃል ብቻ አይናገሩ፤ በጽሑፍ ያስታውቁ፣ ቀኑ ያለበትን ቅጂም ያስቀሩ፡፡

የፋብሪካው የሦስት ወይም የአምስት ዓመት ዋስትና ግን ከውል የሚመነጭ ነው፡፡ በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ ሕግ ነው ይላል አንቀጽ 1731፡፡ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ የፌዴራል ሕግ ስላላቸው፣ ዘይታቸውን ሌላ ጋራዥ በመቀየራቸው ብቻ ዋስትናቸው አይሰረዝም፡፡ እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚታየው ውሉ ስለሆነ፣ «ሰርቪስ በእኛ ጋራዥ ብቻ» የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን ከመፈረምዎ በፊት ይዩ፡፡

ከዱባይ በግል አስመጪ የገባ «ዜሮ ኪሎ ሜትር» መኪና ሌላ ጥያቄ አለው፡፡ ብዙ የፋብሪካ ዋስትናዎች በተሸጡበት አካባቢ የተወሰኑ ናቸው፡፡ መኪናው አዲስ ነው ማለት ዋስትናው አብሮት ድንበር ተሻግሯል ማለት አይደለም፡፡

ደረሰኝ፣ ደረሰኝ፣ ደረሰኝ

በእያንዳንዱ ሰርቪስ ቀኑ፣ የቆጣሪው ንባብ፣ የዘይቱ ዓይነትና መጠን፣ የፊልትሮው መለያ ቁጥርና የሻንሲ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ፡፡ ጎረቤት ጋራዥ ርካሽ ቢሆንም ደረሰኝ ካልሰጠ፣ በክርክር ጊዜ ዘይቱ እንዳልተቀየረ ይቆጠራል፡፡

ኤሌክትሪክ መኪና ለገዙ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ብዙ አዲስ ገዢ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ሆኗል፡፡ እዚያ የሞተር ዘይት የለም፤ ሰርቪስ ግን አለ፡፡ የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ የፍሬን ዘይት፣ የማርሽ ክፍሉ ዘይትና የጎማው ሁኔታ በጊዜያቸው መታየት አለባቸው፡፡ የባትሪው ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው የተለየ ስለሆነ ባትሪው አቅሙ ስንት በመቶ ሲወርድ እንደሚሸፈን በጽሑፍ ይጠይቁ፡፡ «ወይም» እዚያም አለች፡፡

ወዳጄ በመጨረሻ የሞተሩን ጥገና ከኪሱ ከፈለ፡፡ አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ፡፡ የዋስትና ደብተርዎ መኪናው ውስጥ ካለ ዛሬ አውጥተው ያንብቡት፤ የሚቀጥለውን ሰርቪስ ቀንም ከኪሎ ሜትሩ ጋር አብረው ይመዝግቡ፡፡